ሃሎ፣ ሴኡል ይሰማል?

የኮሪያ ልጆች መደበኛውን ትምህርት ጨርሰው እንደገና ሊማሩ የሚሄዱበት የግል ማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ሃግዎን ይባላል። ይህ ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪውን ብዙ ጊዜ የሚቀጥረው በአካል ሳያየው ነው። ባሕር ማዶ ይደውላል፤ ጥቂት ያወራል፤ ከተስማማው የአንድ ዓመት ውል ይልካል። እኛ ልጃችንን ለመዳር እስከ ሰባት ቤት ስንቆጥር፣ እነሱ ልጆቻቸውን ለሚያስተምር ሰው ግማሽ ሰዓት ስልክ ይበቃቸዋል። ይህን ፈተና የሚጠብቅ እጩ ታዲያ ምን ያደርጋል? የሰዋስው መጽሐፍ ያወጣል። ከትምህርት ቤት ከወጣ ጀምሮ ዞር ብሎ ያላየውን የግስ ዓይነት ሁሉ ሲያጠና ያመሻል። «ድክመትህ ምንድን ነው?» ቢሉት «ሥራ ማብዛቴ» ብሎ ሊመልስ ይሸመድዳል፤ ማንም የማያምነው፣ ሁሉም ግን የሚመልሰው መልስ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ እዚህ ግን ድቆሳውስ አለ፣ የተደቆሰው ነገር ነው ሌላ። እንግሊዝኛ መቻሉን የጠረጠረው የለም። የሚጠረጠረው ማስረዳት መቻሉ ነው፤ መስመሩ ማዶ ያለው ሰውዬም፣ ቢያውቀው ባያውቀው፣ የእጩው የመጀመሪያ ተማሪ ነው። ዝግጅቱ ከዚህ ቢነሳ ይሻላል ባይ ነኝ።

ጠያቂው ማን እንደሆነ ማሰብ ብቻ ለዚህ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚደውለው የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይም የአስተማሪዎቹ ኃላፊ ነው፤ እንግሊዝኛን እንደኛው ደብተር ይዞ የተማረ ኮሪያዊ። እጩው የሰፈሩን ዘይቤ እያዥጎደጎደ ሲፈጥንበት «እኔ ካልገባኝ የሰባት ዓመቱ ልጅ ምን ሊገባው ነው?» ማለቱ አይቀርም። አንዳንዴ ደዋዩ አሜሪካዊ ወይም እንግሊዛዊ ደላላ ይሆናል፤ ለሱስ ለምን ዝግ እላለሁ የሚል ይኖራል። ደላላው ግን የሚሰማው በራሱ ጆሮ አይደለም፤ ኮሚሽኑን በሚከፍለው ባለቤት ጆሮ ነው።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ የፓስፖርቱ ነው። የኮሪያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ኤፒክ የተባለው የአስተማሪዎች መርሐ ግብር በመሠረቱ የሚቀበለው የ7 አገሮችን ዜጎች ነው፤ የአሜሪካን፣ የብሪታንያን፣ የካናዳን፣ የአየርላንድን፣ የአውስትራሊያን፣ የኒውዚላንድንና የደቡብ አፍሪካን። ለሃግዎን አስተማሪዎች የሚሰጠው ቪዛም በዋናነት ይህንኑ ዝርዝር ይከተላል። ከአፍሪካ አንድ ለእናቱ ደቡብ አፍሪካ ናት። ስለዚህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምራ በማዕረግ የተመረቀች ልጅ ከበር ትመለሳለች፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደው፣ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ የሚያጉተመትመው የአክስቷ ልጅ ይገባል። ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ስንቱ ሰው እንግሊዝኛውን ከሕንድ አስተማሪ ተምሮ የለም እንዴ? ነገር ግን «ፓስፖርቱ ከወሰነ ስልኩ ለወጉ ነው» ማለት አያስኬድም። መስመሩ ላይ የሚቀርቡት ሁሉ ያንኑ ፓስፖርት ከያዙ፣ ፓስፖርቱ አንዱን ከሌላው አይለይም። የቀረው መለያ ድምፅ ነው።

ድምፁም ሙሉ ድምፅ አይደለም። የድሮው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ያሳልፍና የቀረውን ይቆርጣል፤ «ስ» እና «ፍ» የሚለዩበት ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ላይ ኮሪያኛ «ፍ» የሚባል ድምፅ የለውም። እንግዲህ ግማሹ መንገድ ላይ የቀረውን ድምፅ፣ በቋንቋው ለሌለው ሰው፣ አፍጥኖ መላክ ለማን ይጠቅማል? ዛሬ ማን በድሮ መስመር ይደውላል፣ ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚል ቢነሳ እውነቱን ነው። ድምፁ ጠርቷል፤ በምትኩ መዘግየት መጥቷል። ሰው ከሰው ሲጨዋወት አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። መስመሩ ከዚያ በላይ ሲጎተት ሁለቱም ባንዴ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ይቅርታ ይላሉ፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም እንደገና ባንዴ ይጀምራሉ። መድኃኒቱ ሐሳብን ጨርሶ መዝጋትና ዝም ማለት ነው። ዝምታ የሚያስፈራው እጩ «ዩ ኖው» እና «ላይክ» እያለ ክፍተቱን ይሞላዋል። እንዲህ ያለው ሰው ክፍል ውስጥም ልጁ እስኪያስብ አይታገስም፤ ራሱ ጠይቆ ራሱ ሲመልስ ደወል ይደወላል። ጠያቂው ይህን ጠባይ ለማወቅ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የኛ ሰው፣ ፓስፖርቱ የአሜሪካ ቢሆንም አፉን የፈታው ሐበሻ ቤት ከሆነ፣ ተጨማሪ የቤት ሥራ አለበት። በስልክ የምንጮኸው በአገሩ ርቀት ልክ ነው፤ ለአዳማ በመጠኑ፣ ለዱባይ ከፍ አድርገን፣ ለሴኡል ጎረቤት እስኪወጣ። ምኒልክ ስልክ ሲያስገቡ ካህናቱ አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ነው ብለው አወገዙት ይባላል፤ እኛ ደግሞ ሰይጣኑ ጆሮው አይሰማም ብለን ያመንን እንመስላለን። የባሰው ግን «አዎን» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳባችን ነው። እኛ ዘንድ ይህ «ልክ ነህ፣ ቀጥል» ማለት ነው፤ ሴኡል ያለው ሰው ግን እጩው በየጥያቄው የሚደነግጥ ወይም አስም ያለበት ይመስለዋል። ኮሪያ ሲደርሱ የጤና ምርመራ ስላለ ጥርጣሬውን ከወዲሁ አለመዝራት ነው። ቅንድብ ማንሳትም በስልክ መልስ አይሆንም። «በትውልድህስ ከየት ነህ?» የሚለውን ጥያቄ የእጩው ስም ራሱ ያስመጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1951 የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ መዝመቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያነሳ ያምርበታል፤ ቹንቾን ከተማ መታሰቢያ ቆሞላቸዋልና ጠያቂው ሊያውቀው ይችላል። ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ከተጨመረ ግን ኢንተርቪውነቱ ቀርቶ ፉከራ ይሆናል።

ዝግ ብሎ መናገር ትልቅን ሰው እንደ ሕፃን መቁጠር ነው፣ ጠያቂው ይቀየማል የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው። ግን ዝግ ማለት ቃል መሰባበር አይደለም፤ «ዩ... አንደርስታንድ?» እያለ እንደ ቱሪስት የሚጮህ ሰው ቢቀየሙት ይገባዋል። «አንድ ልጅ አልናገርም ቢል ምን ታደርጋለህ?» ሲባል ስለ ቋንቋ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ የሚተነትን አይጠፋም። «በአንድ እጄ ፖም፣ በሌላው ብርቱካን ይዤ የቱን ትፈልጋለህ እለዋለሁ፤ መጀመሪያ በጣቱ ያሳየኛል፣ ኋላ በስሙ ይጠራዋል» ያለው ግን ያለ ሰሌዳ አስተምሮ ጨረሰ፤ ጠያቂውም እንደ ሕፃን መቆጠሩ ትዝ አይለውም። ለዚህ የሚረዳው ልምምድ እንግሊዝኛ ከማይቀናት አክስት ጋር በስልክ ማውራት ነው። መስታወት ፊት መለማመድ አይጠቅምም፤ መስታወት ሁሉ ይገባዋል።

ቀጠሮውም ያሳስታል። ዋሽንግተን ላለ ሰው የሴኡል ረቡዕ ጠዋት የራሱ ማክሰኞ ማታ ነው፤ አሜሪካ በዓመት ሁለቴ ሰዓቷን ስታዛውር ኮሪያ ንቅንቅ አትልም። የአዲስ አበባ ሰው ግን በዚህ ታድሏል። ሴኡል በ6 ሰዓት ትቀድመናለች፣ እኛ ደግሞ ከሌላው ዓለም 6 ቀንሰን እንቆጥራለን፤ ስለዚህ የሁለቱ ከተሞች የግድግዳ ሰዓት ቆጣሪ እኩል ይቆማል። እኛ ጋ ከጠዋቱ 3 ሲሆን እነሱ ጋ ከቀኑ 3 ነው። በፓስፖርት የከለከሉትን ሰው በሰዓት ክሰውታል።

መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ይባላል። ይሉኝታ የሚገባው እዚህ ነው፤ ገና ሳይቀጥሩኝ ስለ ገንዘብ ባነሳ ስግብግብ ይሉኛል የሚል። ጥሩ አስተማሪ ግን መግባባቱን መልሶ በመጠየቅ ያረጋግጣል። በሳምንት ስንት ሰዓት አስተምራለሁ? የቤቱን ኪራይ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ? አሁን ከሚያስተምር ሰው ጋር ታገናኙኛላችሁ? ውሉ ስንት ወር ነው? የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። በኮሪያ ሕግ አንድ ዓመት የሠራ ሠራተኛ ሲለቅ ቢያንስ የ30 ቀን ደመወዝ ስንብት ይከፈለዋል፤ ዓመት ያልሞላው ይህን መብት የለውም። «አሥራ አንድ ወር» የሚል መልስ ከመጣ፣ እጩው ሲለማመደው በከረመው ዝግ ያለና የጠራ እንግሊዝኛ አመስግኖ ስልኩን መዝጋት ይችላል።