በእንተ ስልክ ወመሪ የወጣ አዋጅ

ስማ፤ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ፤ በስልክ ላይ ያለህ ግን ጨዋታህን ሳታቋርጥ በአንድ ጆሮህ ስማ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጣላቸውን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በአዲስ አበባ ከተቀበሉበት ጊዜ አንሥቶ፥ ነጂ የተባለ ፍጡር ሁሉ በሁለት ዓይን፥ በሁለት እጅና በአንድ ልቡና ተወስኖ ሲሠራ የኖረ ስለ ሆነ፤ በዘመናችን ግን ከመገናኛ አያት የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር በቀኝ እጁ ማርሹን፥ በግራ እጁ ስልኩን፥ በጉልበቱ መሪውን ይዞ መንገደኛን ያለ ዓይን የማድረስ ጸጋ እንደ ተሰጠው ጋቢና ተቀምጠን ስላየን፤ ይህንም ጸጋ በሕግ ማጽናት ተገቢ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። ይህ አዋጅ «የልምድ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። «መንገድ» ማለት በሁለት መልእክት መካከል ቀና ሲሉ የሚታይ ነገር ነው።

አንቀጽ 3። ቀበቶ እንደ ቀድሞው ትራፊክ ሲታይ ደረት ላይ ጣል ይደረጋል።

አንቀጽ 4። ማንኛውም ነጂ በመንዳት ላይ ሳለ ስልክ መያዝ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም፦

(ሀ) ደዋዪቱ እናቱ እንደ ሆነች ክልከላው አይመለከተውም።

(ለ) ደዋዩ የዕለት ገቢውን የሚጠይቅ ባለንብረት እንደ ሆነም አይመለከተውም፤ ሳያነሣለት ቢቀር ነገ መኪናዋ የሌላ ሾፌር ትሆናለችና። (ይህስ እውነት ነው፤ በዚህ አልቀልድም።)

(ሐ) ጥሪ ሳይሆን ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚታይ እንደ ሆነ፥ ስልኩ ክሩስኮቱ ላይ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አጠገብ እስከ ቆመ ድረስ የተፈቀደ ነው፤ መንገዱን የመጠበቁ ሥራ ለመልአኩ ተላልፏልና።

(መ) በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ ለ3 ሰከንድ ወደ ስልኩ ቢያጎነብስ 50 ሜትር ያህል በዕውርነት ይሄዳል፤ በዚህ 50 ሜትር ውስጥ ሰው ያልተገኘ እንደ ሆነ ነገሩ «ልምድ» ይባላል፤ ሰው የተገኘ እንደ ሆነ «የእግዜር ፈቃድ» ይባላል፤ በሁለቱም ጊዜ የስልኩ ስም አይነሣም።

(ሠ) ከተሳፋሪዎች አንዱ «ልጄ፥ እባክህ ስልኩን አስቀምጠው» ያለ እንደ ሆነ፥ ነጂው «አይዞዎት ፋዘር፥ እኔ በልምድ ነው የምነዳው» ብሎ የመመለስ መብት አለው፤ የኋላ ወንበር ሰዎችም «ይተዉት አባቴ፥ ተናዶ እንዳያስወርደን» በማለት ሕይወታቸውን በሰዓታቸው የመለወጥ መብታቸው የተጠበቀ ነው።

(ረ) ደብተሯን ያቀፈች ተማሪ ዜብራ ላይ በድንገት ከመስታወቱ ፊት የተገኘች እንደ ሆነ፥ ነጂው ፍሬን ይይዛል፤ ቀጥሎ ልጅቱን ይሰድባታል፤ ከዚህ በኋላ ወዳቋረጠው ጨዋታ ተመልሶ «ሃሎ፥ የት ላይ ነበርን?» ይላል።

ንኡስ አንቀጽ (ረ) በረቂቁ ውስጥ አልነበረችም። ልጅቱ ነጩ መስመር ላይ ነበረች፤ አልሮጠችም፥ አልዘለለችም፥ ግራና ቀኟን አይታ ነው የገባችው። የተሰደበችው እሷ ናት። የት ላይ ነበርን? ከአንዲት ነፍስ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርን፥ አንተ ደንቆሮ! ጎማው ሲጮኽ አልሰማህም? ወዳጅህስ በዚያ በኩል ሆኖ ምን ጮኸ ብሎ አልጠየቀህም?

ወይእዜኒ ወደ ሥርዓቱ እንመለስ።

አንቀጽ 5። እግረኛ ይጠንቀቅ።

አንቀጽ 6። ቅጣቱ ወደፊት በሚወጣ መመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 7። በመንዳት ላይ ስልክ መጠቀምን የሚከለክለው የትራፊክ ቁጥጥር ደንብ በዚህ አዋጅ አልተሻረም፤ በየታክሲው በየዕለቱ የሚሽረው አላጣምና አዋጅ ነጋሪ በከንቱ እንዲደክም አላስፈለገም።

አንቀጽ 8። ይህ አዋጅ ሾፌሩ ስልኩን ካነሣበት ቅጽበት ጀምሮ የጸና ይሆናል፤ ወራጅ ካለ አሁኑኑ ይናገር።