ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሲመሽ

የእኛ ሰዓት የተሠራው ለምድር ወገብ ጎረቤት ነው። ጀምበር አሥራ ሁለት ገደማ ትወጣለች፣ አሥራ ሁለት ገደማ ትገባለች፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚህ ብዙም ፈቅ አትልም። ይህን ሰዓት እጄ ላይ አስሬ ስቶክሆልም የገባሁት በኅዳር መጨረሻ ነው።

አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ፣ ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ላይ ናቸው። ይህን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ሸምድጄዋለሁ፤ ያስረዳኝ ግን ታኅሣሥ ነው። ጀምበር ለሦስት ሩብ ጉዳይ ገደማ ብቅ ትልና ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ገደማ ትገባለች። እሱም ደመናው ከፈቀደ ነው። የጥንት አባቶቻችን ሰዓትን በጥላ ይለኩ ነበር፤ እዚህ ቢሆኑ መለኪያውን ይተውት ነበር፤ ቀትር ላይ ጥላዬ ቁመቴን ስምንት እጥፍ ያህላል።

የደረስኩት በነቢያት ጾም ነው። አገር ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ማለት ፀሐይዋን እያዩ መራብ ነው። እዚህ ዘጠኝ ሲል የመንገዱ መብራት በርቷል፤ ሽሮዬ ምሳም እራትም ሆና ትቀርባለች። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸውን አንድ አባት፣ «አባ፣ ከመሸ በኋላ ስለምበላ ጾሜ ይበልጥ ይቆጠርልኛል?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ሰዓቱን ጠብቅ እንጂ ጀምበሯን አትጠብቅ፤ እሷን ካመንክ በሰኔ ጾም ታልቃለህ» አሉኝ።

ችግሩ እናቴ ነች። እዚህ ዘጠኝ ሲል አዲስ አበባ አሥራ አንድ ነው። ሰዓቷ ይቀድመኛል፤ ፀሐዩም ያለው እሷ ዘንድ ነው። በቪዲዮ ስትደውል ከኋላዬ ያለው መስኮት ድቅድቅ ብሏል።

«ምነው በጨለማ? መብራት ሄደ እንዴ?»

«መሽቶ ነው እማዬ።»

«እዚህ ሳይመሽ?»

አላመነችኝም። የዕቁባቸውን ዳኛ እትዬን ጠርታ መስኮቴን አስጎበኘቻቸው። እትዬም አይተው ዝም አሉ፤ ሰው ላይ ቶሎ አይፈርዱም።

የከተማውን ሰው በብርዱ ወራት ብዙ አላየሁትም። ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ላለመገናኘት በሩን ገርበብ አድርጎ ያዳምጥና ኮቴዬ ሲርቅ ይወጣል። ፌርማታ ላይ በሁለት ሰው መካከል አህያ ከነጭነቷ ታልፋለች። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እየተባለ ላደገ ሰው ያ ሁሉ ባዶ ቦታ ብክነት ነው።

መጋቢት ላይ ግን አንድ ቀን ብወጣ፣ ሰዉ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ጸሎት መስሎኝ ኮፍያዬን አወለቅኩ። ለካ ፀሐይ እየሞቁ ነው! ያ በር የሚያዳምጠው ጎረቤቴም ከመካከላቸው ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ «ደስ ይላል፣ አይደል?» አለኝ። ከኅዳር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

ሰኔ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። ጀምበር ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ትገባና ዘጠኝ ተኩል ላይ ተመልሳ ከች ትላለች፤ በመካከል ያለውም ጨለማ ለስሙ ነው። መጋረጃዬ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ እንቅልፍ ስለምን እናቴ ደወለች፤ እሷ ዘንድ ከመሸ ቆይቷል። መስኮቱን ገልጬ አሳየኋት። ስልኩ ወዲያው ለእትዬ ተላለፈ።

«አሃ!» አሉ፤ «ስትከፍሉ የከረማችሁት ዕቁብ ደረሳችኋ! ግን የእናንተ ዳኛ ማነው? እንዴት ሁሉንም በአንዴ ይሰጣችኋል?»