ኧረ ተውኝ፣ 87 ነው የምትጠጣው!

ፒክአፕ ያለው ሰው ዘመድ ይበዛበታል። አውሮራ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የ1988 ቶዮታ ፒክአፕ ያለው ሐበሻማ ከዘመድም አልፎ የሕዝብ ንብረት ነው። ሶፋ የገዛ ይደውልልኛል፣ ቤት የሚቀይር ይደውልልኛል፣ ለክርስትና የተከራየውን ወንበር የሚመልስ ይደውልልኛል። ይሁን፣ ሰው ለሰው ነው፣ በዚህ አላማርርም። እኔን ያንገሸገሸኝ መኪናዋ ስትመለስ የሚመጣው ነው። ቁልፉን የሚያስረክበኝ ሰው ሁሉ ምን ዓይነት ቤንዚን መጠጣት እንዳለባት ሳይመክረኝ አይሄድም።

ለማያውቀው ላስረዳ። እዚህ ማደያ ስትቆም ሦስት ቁልፎች ይጠብቁሃል፤ በቢጫ ወረቀት 85፣ 87፣ 91 ተብሎ ተለጥፎባቸዋል። ኦክቴን የሚሉት ይሄ ነው። ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲጨመቅና ሲግል፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት እስኪደርስበት ድረስ በራሱ ሳይፈነዳ ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚነግር ቁጥር ነው። የትዕግሥት ቁጥር ነው እንጂ የጉልበት ቁጥር አይደለም። ትዕግሥት ያነሰው ቤንዚን ብዙ በሚጨምቅ ሞተር ውስጥ ሲገባ ቀድሞ ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል። የማያንኳኳ ሞተር ግን የበለጠ ታጋሽ ቤንዚን ስለሰጡት አይፈረጥምም። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ከወንበሩ ፊት ባለው መሳቢያ ውስጥ አለ። ጠርዙ ተበልቷል፣ አንድ ገጹ ላይ የቀድሞው ባለቤት ቡና ደፍቶበታል፤ ግን ይነበባል። 87 ወይም ከዚያ በላይ ይላል። በቃ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

አላለቀም። በብዙው የአሜሪካ ግዛት "ሬጉላር" ሲባል 87 ነው። እኛ ዘንድ ሬጉላር የሚባለው 85 ነው። 87 ደግሞ "ፕላስ" የሚል ማዕረግ ተደርቦለት፣ እንደ ምርጥ ዕቃ ከፍ ባለ ዋጋ መሀል ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው መኪናዬን ተውሶ "ሬጉላር ሞላሁልህ" ሲለኝ ምን እንደሞላልኝ እሱም አያውቅም።

85 የመጣው ከከፍታው ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር፣ በነሱ አቆጣጠር ልክ አንድ ማይል ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ የሚጨምቀውም ያንሳል፣ የማንኳኳቱ ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትዕግሥቱ ዝቅ ያለ ቤንዚንም ይበቃል ተባለ። እኛ አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ይሄ አይደንቀንም። ከተማችን ከዴንቨርም ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ሰው የሞላች ሚኒባስ እንጦጦን ስትወጣ እንዴት እንደምታቃስት ያየ አየር ሲሳሳ ሞተር ምን እንደሚሆን ያውቀዋል።

ታዲያ ልብ በሉ፤ ይህ ስሌት የተሰላው ለማን ነበር? በካርቡራቶር ለሚሠሩ፣ ኮምፒውተር ለሌላቸው ለድሮ መኪኖች ነው። ማለትም ለኔዋ! አዲሶቹ መኪኖች፣ በተለይ ቱርቦ ያላቸው፣ የሳሳውን አየር በራሳቸው መንገድ ያካክሱታል፤ የብዙዎቹ መመሪያ ከ87 በታች አትሙላ ይላል። እኔ ማደያው ላይ የማየው ግን ግልባጩን ነው። የ40 ሺህ ዶላር መኪናውን በወር ክፍያ የሚነዳው ወንድሜ ርካሿን 85 ይሞላና፣ ወደኔ ዞር ብሎ "አሮጌ መኪና ናት፣ 91 ነው የሚያስፈልጋት፣ አትጨክንባት" ይለኛል። የራሱ መኪና ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብቦት አያውቅም። የኔን ግን በሽታዋን ካፏ ያወጣዋል።

የሚስቴ አጎት የሁሉም ቁንጮ ናቸው። ከአሰብ አዲስ አበባ በፊያት ኤንትሬ ሲመላለሱ የኖሩ፣ በረሃውን በቀንም በሌሊትም የሚያውቁ የተከበሩ ሾፌር ነበሩ። ቅዳሜ ቡና ላይ ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ልጆቼ አይደለም።

"አንተ ልጅ፣ ያቺን መኪና ምን እያጠጣሃት ነው?"

"87 ነው ጋሼ። መጽሐፉ የሚለው እሱን ነው።"

"መጽሐፉ የተጻፈው ወጣት ሳለች ነው። አሮጌ ሞተር እንደ አሮጌ ሰው ነው፣ ምርጥ ምርጡን ማጉረስ ነው!"

"ጋሼ፣ እርስዎ የነዱት እኮ ናፍጣ ነው።"

"ናፍጣ ቢሆንስ? ሞተር ሞተር ነው!"

ምን ልበላቸው? ናፍጣ ካንዴላ የለውም፣ ተጨምቆ በራሱ እንዲነድ ነው የሚፈለገው፤ የኛን ቤንዚን "እባክህ በራስህ አትንደድ" ብለን እንለምነዋለን፣ እነሱ ናፍጣውን "ቶሎ ንደድ" ይሉታል። ኤንትሬ ከኦክቴን ጋር ትውውቅም የላትም። ይህን ለማስረዳት ስሞክር ሁለተኛው ቡና ቀርቦ ነበር፤ ተውኩት። ለነገሩ ሰውየው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በዕድሜ ብዛት ቴስታታው ውስጥና ፒስቶኑ ላይ ካርቦን ይጋገርና መጨመቂያው ቦታ ይጠባል፣ ሞተሩም ከድሮው ትንሽ ከፍ ያለ ኦክቴን ሊፈልግ ይችላል። ግን ይህን እሳቸው ፊት አላምንም።

አገር ቤት ሳለን እኮ የቤንዚን ደረጃ የሚባል ጭቅጭቅ አልነበረንም። ጥያቄው አንድ ነበር፦ "አለ ወይ?" ካለ ይሞላል፣ ከሌለ ሰልፍ ይያዛል፣ ሰልፉ ካልተንቀሳቀሰ ጄሪካን የያዘ ልጅ ይፈለጋል። እዚህ ቤንዚኑ ሞልቶ ተርፎ ሳለ ምርጫው ራሱ ሰልፍ ሆነብኝ።

ደግሞ ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ አለች። ስለ ቤንዚን ዋጋ ስንጨዋወት "እኔ እንኳን 91 ነው የምሞላው፣ ርካሹን" ስትለኝ ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ 91 ማለት ባለ ቆዳ ወንበር መኪና የሚሞላው ነው! ለካ እዚያ ከሦስቱ ዝቅተኛው እሱ ነው፤ በላዩ 95 እና 98 አሉ። ቁጥሩ የሚለካበት መንገድ ይለያያል፤ የዓለም አብዛኛው ክፍል በአንድ ዓይነት ፍተሻ የተገኘውን ቁጥር ይለጥፋል፣ አሜሪካ ደግሞ ከበድ ያለ ሁለተኛ ፍተሻ ጨምራ የሁለቱን አማካይ ትለጥፋለች። የሷ 91 ከኔ 87 ጋር ብዙም አይራራቅም። ይህን ካስረዳኋት በኋላ "ታዲያ ለምን ተመሳሳይ ቁጥር አይጽፉበትም?" አለችኝ። እኔን ትጠይቀኛለች እንዴ!

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን የደጉ ሰው ነገር ነው። አንዱ ወዳጄ አልጋ አመላልሶባት ሲመልሳት ሰልባቲዮዋን እስከ አፉ በ91 ሞልቶ አመጣልኝ። በጋሎን እስከ 70 ሳንቲም ጭማሪ ከፍሎ ማለት ነው። ፊቱ እንደ ጧፍ በርቷል። "እንዴት ቀለለች! ታወቀህ?" አለኝ። ምን ይባላል? "በጣም! እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ምንም አልቀለለችም። 91 ቢያጠጧት 87 ቢያጠጧት ያው ናት። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2016 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካውያን ሬጉላር ለሚበቃው መኪና ፕሪሚየም እየሞሉ በዓመት ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያባክናሉ ብሎ ነበር። ወዳጄ የድርሻውን ተወጥቷል።

ሌላው ደግሞ ጠርሙስ ያመጣልኛል። ሰልባቲዮ ውስጥ የሚደፋ ኦክቴን መጨመሪያ፤ ላዩ ላይ በትልቁ "30 ነጥብ ይጨምራል" የሚል። 87 ላይ 30 ሲደመር 117፣ የጦር አውሮፕላን ልናበር ነው! የነሱ ነጥብ ግን አንድ አስረኛ ነው፤ ያ ሁሉ ድምር ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። "ድሮ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ነበረበት፣ አሮጌ መኪና ያን ይናፍቃል" የሚልም አለ። እርሳሱ ማንኳኳትን እንደሚከላከል ቶማስ ሚጅሊ በ1921 ካገኘው በኋላ ዓለም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲተነፍሰው ኖሯል፣ አሜሪካ ውስጥም ከመንገድ መኪና ጨርሶ የታገደው በ1996 ነው። የኔዋ ግን ስትወለድም እርሳስ አልባ እንድትጠጣ ሆና ነው። የነዳጅ መለኪያዋ ሥር ተጽፏል፣ ዳሽቦርዱ ላይ! ሰው ፊቱ ያለውን አያነብም።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። አንድ ሐምሌ የጓደኛዬን ዕቃ ጭኜ ወደ ካንሳስ ሲቲ ነዳሁ፣ በአይ-70 ወደ 600 ማይል ገደማ። ስነሳ ሰልባቲዮው ሙሉ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት የተዋሰኝ ሰው ሞልቶልኝ። ምን እንደሞላልኝ አልጠየቅኩም። መንገዱ ወደ ምሥራቅ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ዓይን አያስተውለውም። ሄይስ የምትባል ከተማ ስንቃረብ ከዴንቨር አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወርደናል፤ አየሩ ወፍሯል፣ ሙቀቱ ይጠብሳል፣ የካንሳስ ነፋስ ከፊት ይገፋል፣ ከኋላ ፍሪጅና ቁም ሳጥን ተጭኗል። ነዳጅ ስረግጥ ከኮፈኑ ሥር ባቄላ የሚቆላ ድምፅ ጀመረኝ። ጣ ጣ ጣ። እግሬን ሳነሳ ይጠፋል፣ ስረግጥ ይመለሳል። ጓደኛዬ "ሬዲዮ ነው እንዴ?" አለኝ።

85 ነበር። ተራራ ላይ ሲሆን ዝም የሚል፣ ሜዳ ሲወርድ የሚንጫጫ። ሄይስ ላይ 87 ስሞላ ባቄላው ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። እዚያው እልኬ ሟሸሸና ቀጣዩን 91 ሞላሁ፤ ጸጥ አለች። እና አስቡት፣ ያን ሁሉ ሰው ስከራከር ኖሬ ካንሳስ መሀል ፕሪሚየም እየሞላሁ ቆሜያለሁ። ለሚስቴ አጎት እስከዛሬ አልነገርኳቸውም።

ስመለስ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ዲስትሪቢዩተሩን ገና እንዳየው ሳቀ። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት በከፍታው ጉልበት ሲያንሰው ካንዴላው ከልኩ ቀደም ብሎ እሳት እንዲሰጥ አድርጎ አዙሮ አስሮታል። እዚህ ተራራ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሜዳ ሲወረድ ግን ያንኳኳል። መካኒኩ በሩብ ሰዓት ወደ ልኩ መለሰው፣ ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ "በል 87ህን ሙላ" አለኝ። ያ ሁሉ ምክር፣ ያ ሁሉ ጠርሙስ፣ ያ ሁሉ ቡና፤ አንዲት ብሎን ነበረች! ይህን ዜና ለጓደኞቼ ስናገር የሰማኝ የለም። "ነግረንህ ነበር፣ 91 ስትሞላ ጸጥ አለች አይደል?" ነው ያሉኝ።

ትናንት ማታ ደግሞ ስልኬ ጮኸ። አንዱ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ነው፤ የምግብ ጠረጴዛ ገዝቷል፣ ቅዳሜ መኪናዋን ይፈልጋል።

"ቤንዚኑን እኔ እሞላለሁ፣ በሱ አታስብ" አለኝ።

"የለም፣ የለም ወንድሜ" አልኩት፤ "ባዶዋን መልስልኝ።"