ይገባል፣ አይገባም

አሶሳ ውስጥ ዘመድ የማያቀያይም፣ ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ክርክር ካማራችሁ ቁመቱ መለል ያለ ፒክአፕ አምጥታችሁ ዝቅ ያለ የመኪና ቤት ደጃፍ ላይ አቁሙ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። መንገደኛው ይቆማል፣ ባጃጁ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ማንጎው ጥላ ሥር ቡና የሚጠጡት ስኒያቸውን እንደያዙ ይመጣሉ። ግማሹ «ይገባል» ይላል፤ ግማሹ «አይገባም» ይላል። ሜትር ይዞ የመጣ ግን አንድ ሰው አይገኝም።

የሰፈራችን ሐጂ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ የገዙ ዕለት የሆነው ይኸው ነው። የመኪና ቤታቸው ድሮ ለአንዲት ትንሽ ቪትዝ የተሠራ ነው። ቪትዟ ከተሸጠች በኋላ የማሽላ ጆንያ፣ አሮጌ ፍራሽና እግሩ የተሰበረ ወንበር ወረሱት። ቢሆንም ሐጂ አዲሱን ንብረት ደጅ ማሳደር አልሆነላቸውም። በዚህ አልፈርድባቸውም። የአሶሳ ማንጎ ሲጣፍጥ ይጣፍጣል፤ ከከፍታ ሲወርድ ግን የማን ኮፈን ላይ እንደሚያርፍ አይመርጥም። ዝናቡ አንዴ ከያዘ ወራት ይቆያል፤ በጋው ደግሞ ዳሽቦርድ ይሰነጥቃል። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የነዳጅ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መኪናውን የሚያየው እንደ ስስት ልጅ ነው።

ሸንጎው ተሰየመ። መጀመሪያ የተናገረው ሹፌሩ ነበር።

«ሐጂ፣ እርስዎ አይስጉ። እኔ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከዚህ በጠበበ በር አስገብቻለሁ።»

«አውቶቡሱ የማን ነበር፣ ልጄ?»

«የመንግሥት።»

«እንግዲያው ዝም በል።»

ቀጥሎ ልኬት ተጀመረ፤ በክንድ። ዘበኛው ቁመተ ረዥም ነው፣ አናጢው ደግሞ ድንክ ባይባልም ወደዚያው ያመራል። ዘበኛው መኪናውን ለካና «ሦስት ክንድ ተኩል» አለ። አናጢው በሩን ለካና «አራት ክንድ ከስንዝር» አለ። ሕዝቡ ደመረ፣ ቀነሰ፣ «ክንድ ሊሞላ የቀረበ ይተርፋል!» ብሎ አጨበጨበ። አንዱ ክንድ ከሌላው በግማሽ ስንዝር እንደሚያጥር ያነሳ የለም። ሁለቱ ሥራ ቢቀያየሩ ኖሮ ያው መኪና በዚያው በር አይገባም ተብሎ ይፈረድ ነበር።

እዚሁ ክልል ውስጥ፣ ጉባ ላይ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ ዓባይን አቋርጦ ተሠርቷል፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እሱ በክንድ አልተለካም። እኛ ግን ከአንድ ጉበን ሥር ቆመን በዓይን እንማከራለን።

ወረቀት የሚያምን ሰው ደግሞ አልጠፋም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ስልኩን አውጥቶ አነበበ፦ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ቁመቱ ከ1.8 ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ ርዝመቱ 5.3 ሜትር ግድም ነው፣ ስፋቱ መስታወቱን ሳይጨምር ወደ 1.85 ሜትር ይጠጋል። እውነት ነው። ግን ይህ ከፋብሪካ የወጣው ሃይሉክስ ነው። እኛ ጋ የደረሰው በመንገድ ላይ አድጓል። ፖርቶ መጋላ ተሠርቶለታል፤ ፖርቶ መጋላው ላይ መለዋወጫ ጎማ ተኝቷል፤ ለኩርሙክ መንገድ ይሆናል ተብሎ ከፍ ያለ ጎማ ገብቶለታል። የረድኤት ድርጅቶቹ ላንድክሩዘሮችማ ያን የሬዲዮ አንቴና ይዘው ባምባሲና ሸርቆሌ ሲመላለሱ ጫፉን ጎንበስ አድርገው በገመድ ያስሩታል። እነሱ ቢያንስ ከራሳቸው በላይ ምን እንዳለ ያውቃሉ።

ሌላም የማይታይ ቁመት አለ፤ ባሌስትራ። ፒክአፕ ጭነት ሲኖረው ዝቅ ይላል፣ ሲራገፍ ቀና ይላል። ስለዚህ ሲሚንቶ ጭኖ በሰላም የገባ መኪና ውስጥ ከተራገፈ በኋላ አልወጣም ሊል ይችላል። እንዲህ የሆነ አይቻለሁ። መፍትሔው የሰፈር ልጆችን ጠርቶ ኋላ ላይ መጫን ነበር። ልጆቹ እየጨፈሩ መኪናውን አስወጡት፤ በማግስቱም «ጋሼ፣ ዛሬስ አይጣበቅም?» ብለው በር ላይ ተሰለፉ። የጎማ ነፋስ ቀነስ ማድረግም ያወጣል፤ ልጅ ግን ከኮምፕሬሰር ይረክሳል።

ወለሉም አይታመንም። ባለቤቱ «ይመር» ብሎ ግንበኛ ይጠራል፤ ግንበኛው ጠጠር ሞልቶ ሊሾ ያፈስበታል። ወለሉ በስንዝር ሲያድግ ጣራው ባለበት ይቆያል፤ ትናንት ይገባ የነበረው መኪና ዛሬ ደጅ ቀረ ማለት ነው። በአዲሱ ወለል ምረቃ ላይ ግን ቡና ይፈላል።

ቁመቱ ቢሳካ እንኳ ስፋቱ ይጠብቃል። ከግድግዳው ጋር ተጠጋግቶ የቆመ መኪና በሩ አይከፈትም፤ ሹፌሩ በመስኮት ይወጣል። ርዝመቱም ከተረፈ የመኪናው ቂጥ ሜዳ ላይ ያድራል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይምሰላችሁ። አሜሪካ ብዙው የመኪና ቤት በር 7 ጫማ ነው፤ 2.13 ሜትር መሆኑ ነው። ፎርድ ኤፍ 150 ደግሞ ባለ አራት በሩ ርዝመቱ ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ያለው የአክስቴ ልጅ ፒክአፑን መንገድ ዳር ያቆማል። «አልገባ ብሎ ነው?» ብለው፣ «ኧረ ይገባል፤ መሶቡ፣ ካርቶኑና የልጆቹ ብስክሌት አላስገባ ብለው ነው» አለኝ። የሐጂ ማሽላም ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ወደ ሸንጎው ስንመለስ፣ ፍርዱን የሰጡት ቡና የሚያፈሉት እትዬ ናቸው። ከአጥሩ ላይ ቀርከሃ መዘዙ። የእኛ የቆላ ቀርከሃ ውስጡ ድፍን ስለሆነ አይልመጠመጥም። ፒክአፑ ባዶውን እንደቆመ ከመሬት እስከ መለዋወጫው ጎማ ጫፍ አስለኩ፣ አንድ ጋት ጨምረው አስቆረጡ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርገው ይዘው ወደ በሩ ተራመዱ። ዘንጉ ጉበኑን «ቋ!» አደረገው። ክርክሩ አለቀ። የፖርቶ መጋላው ብሎን ተፈታ፣ ጆንያው ወደ ሳሎን ተሰደደ፣ ሃይሉክሱ ገባ። ፖርቶ መጋላው አሁን ደጅ ያድራል፤ ማንጎ የሚወርድበት እሱ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ መኪና ከመግዛትህ በፊት በሩን ለካ፤ ጣራውን ሳይሆን ጉበኑን። መኪናውንም ባዶውን፣ ከነፖርቶ መጋላው ለካ። ሜትር ከሌለህ ቀርከሃ አይጠፋም። ክንድ ብቻ አትመን፤ በተለይ የሁለት ሰው ክንድ።