«ቋሚ ነኝ» ላልከው

ካልጋሪ ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ፣ የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ደረትህን ነፍተህ «እኔ ቋሚ ነዋሪ ነኝ፤ ማን ይነቀንቀኛል?» አልክ አሉ። መቆሙንስ ቆመሃል፤ ሰልፉ አልሄድ ብሎህ!

አራት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ? «ለገጣፎ ቤት ሳሠራ።» ታዲያ ቋሚውን እዚያ ተክለህ እዚህ ማገሩን ይዘህ መጣህ?

«ቋሚ ማለት እኮ የማይነቃነቅ ነው» ትላለህ። ምሰሶ ብትሆን ልክ ነበርክ። የፓርላማው ቋሚ ኮሚቴም ቋሚ ይባላል፤ ምክር ቤቱ አምስት ዓመቱን ሲጨርስ ግን አብሮ ይሰናበታል። የካናዳ ሕግ ደግሞ ቋሚን የሚለካው በቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ላይ የዋለው የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ፣ አንቀጽ 28፦ በየአምስት ዓመቱ 730 ቀን እዚህ ተገኝ። በተከታታይ አላለህም። ሦስት ዓመት ውጭ ብትከርምም ዝም ይልሃል። ካናዳዊት ዜጋ ከሆነች ሚስትህ ጋር ውጭ የኖርክበትንም ይቆጥርልሃል። አንተ ግን በዚህም በኩል ቋሚ ነህ፤ ቆሞ ቀር!

«ካርዴ ጊዜው አላለፈም!» ካርዱ ሌላ፣ መብቱ ሌላ። ካርዱ ጊዜው ስላለፈ ብቻ ነዋሪነትህ አይወድቅም። ቀንህ ካልሞላ ደግሞ አዲስ ካርድ አያድንህም። ከኋላህ የቆሙት እናት የወጡበትንና የገቡበትን ቀን በትንሽ ደብተር በእስክሪብቶ ጽፈው ይዘዋል። አንተ የያዝከው የቪላውን ፎቶ!

«ማን ይቆጥርብኛል?» ካንተ በቀር ሁሉም! እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአውሮፕላን ስትወጣ መውጫህ ለድንበር መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል። መኮንኑ ቀንህ ጎድሎ ካገኘው እዚያው መስኮቱ ላይ ሪፖርት ሊጽፍብህ ይችላል። ከአገር የመውጣት ትእዛዝ ቢከተልህ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ በል። ይግባኙ እስኪወሰን ነዋሪነትህ አይነሳም። እሱ ያንተ መብት ነውና አትልቀቀው፤ ፈርተህ ያገኘኸው ወረቀት ላይ ሁሉ እንዳትፈርም። እንግዲህ እውነተኛው ቋሚ የምትሆነው ያኔ ነው፤ ዳኛ ፊት!

«ርኅራኄ የለም ወይ?» አለ እንጂ! ሕጉ ራሱ ሰብአዊ ምክንያት ይታይ ይላል። እናቱን ሲያስታምም የከረመ ሰው የሐኪም ወረቀቱን ይዞ ይቀርባል፤ ሊሰማም ይችላል። አንተስ ምን ልትል ነው? «ክቡር ዳኛ፣ ኮርኒሱ አሞት ነበር»?