የሳሪሱ መካኒክ

ሰው ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ይናገራል። የኔ የነፍስ አባት መኪና ነድተው ስለማያውቁ፣ ይህኛውን ለመናዘዝ መጀመሪያ ስለ ሞተር ዘይት ላስረዳቸው ነው። ችግሩ ደግሞ እዚያው ላይ ነው፤ ዋናው ኃጢአቴ ማስረዳት ነው።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። ዕድሜዋ ከባለቤቴ ብዙም አይርቅም፤ ይህን ባለቤቴ ፊት አልናገርም። በ2012 አሮጌ መኪና ላይ የኤክሳይዝ ታክሱ ሲከመር፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል፣ «አላልኳችሁም? ዲኤክስ ወርቅ ናት!» እያልኩ በየለቅሶው ድንኳን አስረድቻለሁ። ስለ ሞተሯ ጥንካሬ ሌሊቱን ሙሉ ማውራት እችላለሁ። ኮፈን ከፍቶ የዘይት መለኪያ ዘንጓን ስቦ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እጅ ያቆሽሻል።

አንድ ቀን ብቻ እጄን አቆሸሽኩ። አማቴን ለፋሲካ ደብረ ሲና ላደርሳቸው ስለነበር ዘይት መቀየር ነበረበት። «ለዚህ ደግሞ ለመካኒክ ይከፈላል እንዴ?» ብዬ ግቢ ውስጥ ራሴው ገባሁበት። አሮጌውን ፊልትሮ ፈታሁ፣ አዲሱን አሰርኩ፣ ዘይቱን ሞላሁ። ሞተሩን አስነስቶ፣ ከሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ደንብ ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሥራው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለቤተሰቡ እያስረዳሁ ነበር።

ፊልትሮ አፉ ላይ የጎማ ቀለበት አለው። አሮጌው ሲፈታ ጎማው አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳያዩ አዲሱን በላዩ ካሰሩት ሁለት ጎማ ይደራረባል። ሲታሰር የጠበቀ ይመስላል፤ ከተማ ውስጥም ጠብታ ላይታይ ይችላል። ሞተሩ ሲጨነቅና የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን አንደኛው ጎማ በጎን ሹልክ ይላል፤ ያን ጊዜ ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ ዘይት አስፋልት ላይ ለመፍሰስ ደቂቃዎች ይበቁታል። ዛሬ ይህን ከማንም በላይ አስረዳለሁ።

ደብረ ብርሃንን አለፍን። ወደ ጣርማበር ስንቃረብ፣ ኩርባ ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ጀበና የምትመስል ቀይ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። በሚቀጥለው ኩርባ ደግማ በራች። «ሽቦ ነው» አልኩ፤ በጣቴ መታ ሳደርጋት ደግሞ እውነትም ጠፋች። ለካ ዘይት ሲያንስ ኩርባ ላይ ኮፓው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ መንገዱ ቀጥ ሲል ደግሞ የቀረችውን ያገኛል። መብራቷም የዘይቱን ልክ አትነግርም። የምትነግረው ግፊቱን ነው፤ ስትበራ «አሁኑኑ ሞተር አጥፋ» ማለቷ ነው።

«ልጄ፣ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል» አሉ አማቴ ከኋላ።

«የዚህ የጭነት መኪና ጭስ ነው እማማ።»

የጭነት መኪናው ተጠምዝዞ ከዓይናችን ጠፋ፤ ሽታው ግን ቀረ። ቀጥሎ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። «ከፍታው ነው» አልኩ። «ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተር ያንኳኳል።» አብሮን የተሳፈረው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ይማራል። «ጋሼ፣ ከፍታ ላይ እንኳ ማንኳኳት ይቀንሳል» አለኝ በትሕትና። የክፍልና የመንገድ ትምህርት እንደሚለያይ አስረዳሁት።

መብራቷ መጀመሪያ ብልጭ ስትል ባጠፋት ኖሮ በአንድ ፊልትሮና በአንድ ጋሎን ዘይት እገላገል ነበር። ነገር ግን መንገድ ዳር ኮፈን ከፍቶ መቆም የሌሎች መኪና ጣጣ እንደሆነ ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ። እስከ ጣርማበር ዋሻ ልድረስ አልኩ። አልደረስኩም። ሞተሩ ነክሶ፣ ጭጋግ መሐል ቀጥ አለች።

አንድ አይሱዙ ቆመልን። ረዳቱ ወርዶ ከሥር ገባ፤ ቆይቶ እስከ ክርኑ በዘይት ተለውሶ ወጣ። በአንድ እጁ ፊልትሮውን፣ በሌላው ሁለት የጎማ ቀለበት ይዟል፤ አንደኛው ጥቁር ሆኖ ደርቋል፣ ሌላው አዲስ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነው ያሰረልዎት?»

«አንድ መካኒክ» አልኩ።

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ! ሾፌሩ፣ «ምን ዓይነቱ ደንቆሮ ነው!» ሲል እኔ ድምፄን ከሱ ከፍ አድርጌ፣ «ደንቆሮ!» አልኩ። የዛሬ መካኒክ ሞያ እንደሌለው፣ ሰው ለገንዘብ ብቻ እንደሚሠራ፣ ሁሉንም አብሬ ተራገምኩ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይሄድበት ጋራዡ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሳሪስ አካባቢ ነው አልኩት።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ከመኪናው ወረዱ። «እውነቱን ነው» አሉ ለሾፌሩ። «ሲሠራ በረንዳ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ። ቱታ እንኳ የለውም፤ በፒጃማ ነበር።»

የባለቤቴ ወንድም ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ዲኤክሷ ተጎትታ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ገባች። ብሮንዚኖቹ ተበልተዋል፤ ክራንኩ ቶርኖ ቤት ሄደ። ሒሳቡን አልጽፈውም፤ ባለቤቴም ይህን ታነባለች። ለመካኒክ አልከፍልም ያልኳት የእጅ ዋጋ ግን እዚያ ሒሳብ ውስጥ ለቡና መግዣ እንኳ አትሆንም ነበር።

ሰሞኑን የወጥ ቤታችን ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጎማው ማለቁን፣ መለወጡም ቀላል መሆኑን እያስረዳሁ ሳለ አማቴ ስልክ ደወሉ። ልጃቸው ነገረቻቸው። «በይ፣ ያ የሳሪሱ መካኒክ እንዳይነካው» አሏት።

ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። እንዴት እንደሚሠራ አጠገቡ ቆሜ አስረዳሁት።