የጭቃ በሬና ጆይስቲክ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ የተደረገ ከባድ ጥናት

ሆላንዳዊው የታሪክ ሊቅ ዮሃን ሁይዚንጋ የሰው ልጅ ተጫዋች ፍጡር መሆኑን ለማስረዳት እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ የምዕራብ ጎጃም ወረዳ የሆነችው የጃቢ ጠህናን እረኛ አንድ ጊዜም አልተነሣም። የሚከተለው ጥናት ይህንን ከባድ ግድፈት ለማረም የተሰናዳ ነው።

የጥናቱ አካባቢ ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው የምዕራብ ጎጃም ዋና ከተማ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ፣ ማንኩሳን አቋርጦ ቡሬ ላይ ይቆማል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ያለው አገር የበቆሎ አገር ነው፤ ወደ ቡሬና ወንበርማ ሲጠጉ በርበሬው ስም አለው። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ መመረቁ ለኢኮኖሚው ያለውን ፋይዳ ሌሎች ይጻፉት። ለዚህ ጥናት የሚበጀው፣ የሽቦ መኪና የሚሠሩ ልጆች ደጅ ላይ ቆመው የሚቀዱት ከባድ መኪና አለማጣታቸው ነው።

በሌላው ዓለም የአሻንጉሊት ሰብሳቢ የሚታወቀው ባለመንካቱ ነው። ይገዛል፤ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ያቆማል፤ ከዚያ ሰው እንዳይነካበት ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የስታር ዋርስ ፊልም አሻንጉሊቶች ለፈረንጆቹ ገና ሳይደርሱ ሲቀሩ፣ ኬነር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባዶ ካርቶን ሸጧል። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው አሻንጉሊቱ ወደፊት እንደሚላክ የሚገልጽ ወረቀት ነው። ሕዝቡም ተሻምቶ ገዛ። በ2024 ደግሞ የዚያው ፊልም ገጸ ባሕርይ የሆነው የቦባ ፌት አሻንጉሊት፣ ያውም ገበያ ሳይወጣ በናሙናነት የቀረ፣ በጨረታ 525,000 ዶላር አወጣ። አሻንጉሊቱ ከጀርባው ሮኬት ይተኩሳል። በዚህ ገንዘብ ስንት ጥማድ በሬ እንደሚገዛ አንባቢ ያስላው፤ በሬ ሮኬት አይተኩስም፣ ያርሳል እንጂ።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሰብሳቢው እረኛ ነው። ወቅቱም ትምህርት ቤት ሰኔ 30 ካርድ ሰጥቶ ከተዘጋ በኋላ ያለው ክረምት ነው። ስብስቡ የሚሠራው ከጭቃ ነው፤ ይሁን እንጂ ጭቃ ሁሉ ጭቃ አይደለም። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና በሬውን ከወገቡ ይከፍለዋል። ቀዩ አፈር ደግሞ እጅ ላይ አልያዝ ይላል። ባለሙያ ልጅ ወንዝ ዳር ወርዶ፣ በሁለት ጣቱ ፈትጎ፣ አንዳንዱም በጥርሱ ቀምሶ ይመርጣል። ከዚያ ይጠፈጠፋል። ቀንዱ እሾህ ይሆናል፤ ጅራቱ ስንጥር። ጆሮ ቢረሳ ይቅር ይባላል። ሻኛ ግን የዳኝነቱ ሁሉ መጀመሪያ ነው፤ ሻኛው የተንጋደደ በሬ ያቆመ ልጅ በዚያ ቀን ባይናገር ይሻለዋል።

በሬዎቹ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ወይኖ እየተባሉ ስም ይወጣላቸዋል። በድንጋይ የታጠረ በረትም አላቸው። ባለቤቶቹ ግንባር ለግንባር ያዋጓቸዋል፤ ቀንዱ የወደቀበት ተሸነፈ። እዚህ ላይ ነው ጥናቱ ዋናውን ግኝቱን ያገኘው፦ ከውጊያው ይልቅ ረጅሙ ከውጊያው በኋላ ያለው ሙግት ነው። «በሬህ ሳይነካው ነው የወደቀ!» «ገፍቶት ነው እንጂ!» «አንተ በእጅህ ገፋኸው!» በላ ልበልሃ እየተባለ በችሎት ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጅ የጭቃ በሬን ጉዳይ በቀላሉ አይለቅም። የፈረንጁ ሰብሳቢ ደስታ ዕቃው ሳይነካ በመቆየቱ ከሆነ፣ የዚህኛው ደስታ ዕቃው ተሰብሮ ክርክር በማስነሣቱ ነው። ለነገሩ ክሱ በሚሰማበት ሰዓት እውነተኞቹ ከብቶች የሰው በቆሎ ውስጥ ገብተዋል።

ስብስቡን ለትውልድ ለማቆየት የተሞከረበት ጊዜም አለ። ለዘላለማዊነት የተጨነቀ ልጅ እርጥቡን በሬ እናቱ ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። በጭቃው ውስጥ የቀረው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መውጫ ያጣና በሬው ይፈነዳል። ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን ቀናት አድርቀው፣ ጭቃውንም ከተወቀጠ ገል ጋር አዋህደው የሚያቃጥሉት ይህን ስለሚያውቁ ነው። ከፍንዳታው በኋላ የሚሰነዘረው ሙያዊ አስተያየት የእናትየዋ ሲሆን፣ ለኅትመት አይመችም።

እዚህ ላይ «ይህ የልጅ ቀልድ ነው» የሚል ሊቅ ቢነሣ፣ ከአክሱም ዘመን ከቀሩት የሸክላ ሥራዎች መካከል መሐሉ ላይ ቀንበር የተጫነባቸው ጥንድ በሬዎች የቆሙበት ጎድጓዳ ሳህን መኖሩን ያስታውስ። ያን ሳህን ምሁር የሚጠብቀው በሙዚየም መስታወት ነው። የጃቢ ጠህናኑን የሚጠብቀው የለም፤ የነሐሴ ዝናብ ይወስደዋል፣ በማግስቱም ሌላ ይሠራል።

የሴቶቹን ልጆች ዘርፍ፣ እቃቃን፣ ጥናቱ በአጭሩ ያልፈዋል፤ የራሱ ፋኩልቲ የሚያስፈልገው ስለሆነ። አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። እሸት በቆሎ ጸጉሩ ተጎንጉኖ፣ በጨርቅ ታዝሎ አሻንጉሊት ይሆናል፤ ሲመሽ ይጠበሳል። በዓለም ላይ ሰብሳቢ ስብስቡን በልቶ የሚያድርበት ሌላ ዘርፍ ለመኖሩ ማስረጃ የለም።

እረኛው አድጎ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ጆተኒን ነው። ይህ የጠረጴዛ ኳስ ሃሮልድ ቶርንተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1923 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነው። ጎጃም ሲደርስ ግን መንገድ ዳር ወጥቷል፤ ፀሐይ ቀለሙን ልጦታል። በየብረቱ ላይ የተሰኩት 22 ሰዎች ለሰብሳቢ ሳይንስ ልዩ ፈተና ናቸው፤ ሁሉም ሰው ይፈልጋቸዋል፣ ማንም ወደ ቤቱ ሊወስዳቸው አይችልም። አንገቱ የተቆረጠ ተከላካይ ለዓመታት ያለ ቅያሪ ይሰለፋል፤ እንዲያውም ከራስ ነጻ በመሆኑ ጎል ያገባል የሚል አለ።

ከጆተኒው አለፍ ብሎ መጋረጃ የተንጠለጠለበት በር ካለ፣ እሱ ጌም ቤት ነው። ውስጡ ጨለማ፣ አየሩ የካልሲ፣ ወንበሩ አግዳሚ ነው። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ቀርቦ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ በዚህም ለረጅም ጊዜ የሚስተካከለው ጌም ማጫወቻ አልተገኘም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2013 ማምረቱን አቆመ። ይህ ውሳኔ ለየወረዳው ከተማ በደብዳቤ ባለመገለጹ፣ ማሽኑ ከዚያ በኋላም በትጋት ሠርቷል።

የጌም ቤት ሕግ አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይከፍላል፤ አሸናፊ ይቀመጣል። በዚህ ሥርዓት ጎበዝ ልጅ ሳንቲም ሳያወጣ ቀኑን ሙሉ ሊጫወት ይችላል፤ ደካማው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ሰው ሲጫወት ያያል። ይህ አሠራር ለብዙ መሥሪያ ቤቶች እንግዳ አይደለም።

ሽንፈት በሆነ ቁጥር የሚሰማ አንድ ቃል አለ፦ «ጆይስቲኩ ነው።» የዋሸራን ቅኔ ቤት ያፈራ አገር ይህን ቃል ያለ ትርጓሜ እንዲያልፈው አይጠበቅም። ሊቃውንቱም ያትቱታል። ጆይስቲኩ ነው ማለቱ ጎል የምትመታው ካሬዋ ቁልፍ ላልታለች ሲል ነው። አንድም፣ ካሬዋስ ደኅና ናት፤ አውራ ጣቱ ቅዳሜ በቆሎ ሲፈለፍል ውሎ ደንዝዞ ነው። አንድም፣ አጠገቡ የተቀመጠው አያ እገሌ «ስጠው! ስጠው!» እያለ አእምሮውን አናውጦት ነው። አንድም፣ ከፋይ እሱ ነውና በቁልፏ አሳብቦ ዋጋ ሊያስቀንስ ነው። የጌም ቤቱ ባለቤት የሚቀበሉት የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ዋጋ ግን አይቀንሱም። መብራት ከሄደ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ምዕራፍ ይከፍታል፦ 2 ለ 0 ሲመራ የነበረው አሸንፏል ወይስ ጨዋታው ይደገማል? የእረኞቹ የቀንድ ክስ እዚህ ኤሌክትሪክ ተቀጥሎለት ይቀጥላል።

በዲስኩ ውስጥ ያለው ዓለም የራሱ መልክዓ ምድር አለው። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ጨዋታው ለሁሉም ክለብ ስም የመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲን «ለንደን ኤፍሲ» ብሎ ጠርቷቸዋል። ቡሬ ላይ በዚህ የተታለለ የለም፤ ሰው ስሙን ቢለውጥ ዘሩ በሚጠየቅበት አገር ማልያው በቂ ማስረጃ ነው። በ2006ቱ ዲስክ ውስጥ ብራዚላዊው አድሪያኖ ከየትኛውም ርቀት መረብ ይቀዳል፤ ስለዚህ ጨዋ ሰዎች ኢንተር ሚላንን መምረጥ እንደ ነውር ይቆጥሩታል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የዝውውር ዜናውም፣ ብዙ ከዚያ የከበደ ነገርም አብሮ ተቋረጠ። ዲስኩን ግን የሚያቋርጠው የለም፤ ቲየሪ ኦንሪ እዚያ ውስጥ ዛሬም የአርሰናል ነው። ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ2021 የጨዋታውን ስም ኢፉትቦል ብሎታል፤ ኢኤ የተባለው ተፎካካሪው ደግሞ ከፊፋ ጋር ተለያይቶ ፊፋ 23ን የመጨረሻው አድርጎታል። በጌም ቤቱ ሁሉም ኳስ «ፊፋ» መባሉ ቀጥሏል።

ሽማግሌዎቹ ጌም ቤትን ሲያወግዙ ሁለት ክስ ያቀርባሉ፤ ጥድፊያና ጩኸት። አንደኛው ክስ ሰንጠረዥን፣ የአገራችንን ቼዝ፣ የረሳ ይመስላል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሳልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የትግራዩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል፤ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም ስለ ጨዋታው ሰፊ ጥናት ጽፈዋል። በአገራችን ሰንጠረዥ አንድ ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደ ፈጠነ ያሰልፉ ነበር። ይህም ወረራ ይባል ነበር። መኳንንቱ ያለ ተራ ሲሻሙ ኖረው፣ የልጅ ልጆቻቸው ካሬና ክብ ቢደበድቡ ምኑ ይገርማል? ጩኸቱን በተመለከተ ግን ሽማግሌዎቹ እውነት አላቸው።

በገበያ ቀን በግ ሸጦ ጌም ቤት የገባ የገጠር ልጅ ለጥናቱ ከፍ ያለ ምንጭ ነው። ከተሜዎቹ ጎሉን ሲያዩ እሱ ሜዳውን ያያል። ያን ሁሉ ለምለም ሣር፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንድ ጥጃ ሳይግጠው! ሃያ ሁለት ጎልማሳ ሲረግጠው ዝም የሚል ባለ ማሳስ ምን ዓይነት ሰው ነው? ጥያቄው በጌም ቤቱ ሣቅ ተሸፍኖ አልፏል። አውሮፓ ውስጥ ግን ሰሚ አግኝቷል።

ጃየንትስ ሶፍትዌር የተባለ የስዊዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ፋርሚንግ ሲሙሌተር የሚባል ጌም አወጣ። በጌሙ ሰው ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ላም ያረባል። ትልልቅ ሰዎች ቢሮ ውለው ሲመለሱ ሶፋቸው ላይ ሆነው እስከ እኩለ ሌሊት ይጎለጉላሉ፤ መሪና ፔዳል ለብቻው የሚገዙም አሉ። በ2019 የውድድር ሊግ ሲመሠረት የሽልማቱ ድምር 250,000 ዩሮ ነበር፤ የሚፎካከሩትም በማጨድና የጭድ እስር ወደ ጎተራ በማስገባት ነው። ከእርሻና ከእረኝነት አምልጦ ጌም ቤት የተደበቀው የማንኩሳ ልጅ ይህን ቢሰማ፣ ያ ሁሉ ሰኔ ስንት ዩሮ ሳይከፈለው እንደቀረ መቁጠር ይጀምራል።

ጥናቱ በጌሙ ላይ አንድ ሳይንሳዊ ተቃውሞ አለው። ላሞቹ ከአጥራቸው አይወጡም፤ የጎረቤት በቆሎ አይበሉም። ስለዚህ ካሳ የለም፣ ገማች ሽማግሌ የለም፣ «ያንተ ላም ናት፤ ኮቴዋን አውቀዋለሁ» ብሎ ከሩቅ እየጮኸ የሚመጣ ጎረቤትም የለም። ኩባንያው ይህን ክፍል ለመጨመር ካሰበ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አማካሪ አያጣም።